በቆላ አገር የጓሮ አትክልት
(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት ከተነገረው የተጻፈ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጓሮ አትክልት ነው። ይህን ወረቀት ይዛችሁ የምታነቡም ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያስቸገራችሁን ቃል አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

መተማ ዮሐንስ ቆላ ነው። ሙቀቱ ይበረታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም በጋ ነው። መሬቱ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። ሰሊጡም ውጭ አገር ድረስ ይሸጣል። ታዲያ ሰሊጥ በሚታፈስበት አገር ለወጥ የሚሆን ጎመን የሚታጣው ለምንድን ነው? ከደጋ በጭልጋና በገንዳ ውሃ በኩል በመኪና ተጭኖ የሚመጣ አትክልት መንገድ ሲዘጋ ይወደዳል። ያን ጊዜ ገንዘብ ያጠረው ሰው አትክልቱን ትቶ ሽሮ ብቻ ይበላል።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀን ደኅና የሚያይ ሕፃን ፀሐይ ስትጠልቅ እየተደናበረ ከዕቃ ከተጋጨ ዳፍንት ይዞት ይሆናል። የዳፍንት ዋናው ምክንያት ቫይታሚን ኤ የሚባለው ነገር በምግባችን ውስጥ ማነሱ ነው። ዝም ከተባለ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መከላከያው ግን ከጓሯችን ሊገኝ ይችላል። ጎመን፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ዱባ፣ ፓፓያና ማንጎ ለዚህ ይጠቅማሉ። ጎመኑንና ዱባውን ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን ብንሠራው ሰውነታችን የበለጠ ይጠቀምበታል።

በ1995 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በሠፈራ ከደጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ የመጡ ብዙ ቤተ ሰቦች አሉ። እነሱ የደጋውን አትክልት አያያዝ ያውቃሉ። ቆላ ግን በሦስት ነገር ይለያል፤ በአፈሩ፣ በውሃውና በወራቱ።

አንደኛ፣ አፈሩ።
ጥቁሩ ዋልካ መሬት ክረምት ውሃ ይይዛል፣ በጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በክረምት መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ እናድርገው። አለዚያ ሥሩ በውሃ ታፍኖ ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ መደቡን ዝቅ እናድርገው፤ የምናጠጣው ውሃ ወደ ውጭ አይፈስም። የመደቡ ወርድ 2 ክንድ፣ ርዝመቱ 6 ክንድ ይሁን። ወርዱ ለምን 2 ክንድ ሆነ? ከግራም ከቀኝም ቆመን መሀሉን ሳንረግጥ እጃችን እንዲደርስ ነው። የተረገጠ ዋልካ እንደ ጡብ ይጠጥራል።

በመደቡ ላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ እናልብሰውና በዶማ እንቀላቅለው። ትኩስ አዛባ ግን ችግኝ ያቃጥላል። አዛባውን፣ ቅጠሉንና ጥቂት አመድ በአንድ ጉድጓድ አከማችተን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ አንድ ሦስት ወር ያህል ብናቆየው ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አናወጣም።

ሁለተኛ፣ ውሃው።
ይህ መደብ ወደ 3 ካሬ ሜትር ይሆናል። በበጋ በቀን አንድ ጀሪካን፣ ማለት 20 ሊትር ውሃ ያህል ይፈልጋል። ግማሹን ማለዳ፣ ግማሹን ማታ እናጠጣ። በቀትር ካጠጣን ብዙውን ፀሐይ ትወስደዋለች። እህልና አትክልት ያጠብንበትን፣ ፊትና እጅ የታጠብንበትንም ውሃ አንድፋው። የልብስ ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን ይቅር። አፈሩን ደረቅ ሣር ብናለብሰው እርጥበቱ ይቆያል። በምዕራብ በኩል የማሽላ አገዳ አጥር ብናቆም የከሰዓቱ ፀሐይ ይበርዳል።

አፉ የተሸረፈ ውሃ የሚያዣ የሸክላ ገንቦ አለ? አትጣሉት። እስከ አንገቱ በመደቡ መሀል ቅበሩት፣ ውሃ ሙሉትና ክደኑት። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ለሥሩ ይደርሳል። ቅባት የጠጣ ገንቦ ግን አያዣምና ለዚህ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የሰሊጥ ወይም የጥጥ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥም፣ ለአትክልትም ውሃ አታድርጉበት። ቢታጠብም መርዙ አይለቅም።

ደግሞስ ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? እናት ብቻዋን ናት? አትክልቱን የሚበላው ቤተ ሰቡ ሁሉ ነውና ተራ ገብቶ ይቅዳ። ይህ ካልሆነ ጓሮው በየካቲት ይደርቃል።

ሦስተኛ፣ ወራቱ።
በሰኔና በሐምሌ ባሚያና ዱባ እንዝራ፤ የማንጎና የሎሚ ችግኝም እንትከል። በመስከረም መጨረሻ የጎመን፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘር እናፍላ። እነዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ያድጋሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጎመን ይጠወልጋል፤ የቲማቲም አበባም ይረግፋል። ያን ጊዜ የሚያወጣን ሥር የሰደደ ሽፈራውና የደረቀ ባሚያ ነው።

ባሚያ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። በየሁለት ቀኑ ለጋውን እንልቀመው። ካረጀ እንጨት ይሆናል፤ ተክሉም ማፍራት ያቆማል። የተረፈውን ቆራርጠን በጥላ እናድርቀው። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች የደረቀውን ወቅጠው ወይካ ይሉታል፤ ለወጥ ማወፈሪያ ነው።

ፓፓያ ቶሎ ከሚያፈሩት ፍራፍሬዎች አንዱ ነው። በአንድ ዓመት ገደማ ይደርሳል። ከበላነው ፓፓያ ዘሩን ወስደን፣ ልጋጉን አጥበን፣ በጥላ እናድርቀው። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው፤ ሳያብብ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ እንትከል። ሲያብብ ሴቲቱን እናስቀርና ወንዶቹን እንንቀል። በሠፈሩ ግን አንድ ወንድ ይቅር፤ ያለ እሱ ሴቶቹ በደንብ አያፈሩም። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ለፓፓያ አይስማማም።

ስለ ተባይስ ምን እናድርግ? «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም? በየማለዳው ቅጠሉን ገልብጠን እንይ። ትል ካለ በእጅ እንልቀም። የኒም ፍሬ ወይም ቅጠል ወቅጠን፣ ውሃ ውስጥ አሳድረን፣ አጥልለን እንርጨው። የሰሊጥ መድኃኒት በጎመን ላይ መርጨት ግን ልጆቻችንን መመረዝ ነው።

በመጨረሻ፣ ጓሯችን በሽታ እንዳያመጣብን እንጠንቀቅ። ውሃ አቁሮ መተው የወባ ትንኝ ያራባል። ስለዚህ ገንቦውም በርሜሉም ይከደን። በመተማ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታም አለ። እሱን የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ በዋልካ ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች። የምትናከሰውም ይበልጡን ሌሊት ነው። አትክልት ለመጠበቅ ብሎ ውጭ የሚያድር ሰው ያለ አጎበር አይተኛ።

እንግዲህ በአንድ መደብ እንጀምር። ከዚያ ዘሩን አስቀርተን ለጎረቤት እንስጥ። በከርሞው ዘር ፍለጋ ገበያ አንወጣም።

ለመልመጃ፦
1. በክረምት መደብ ከፍ የሚለው ለምንድን ነው?
2. ለአንድ መደብ በበጋ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ያህል ያስፈልጋል? ለሁለት መደብስ?
3. የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን በቤታችሁ አለን?
4. «ዳፍንት» የሚለውን ቃል በደብተራችሁ ሦስት ጊዜ ጻፉ። ምን ማለት እንደ ሆነ ለልጆቻችሁ ንገሩ።