ደረሰኙ የት አለ?

ጣራችሁ ሲያፈስ ባልዲ ከመደርደር አልፋችሁ ደረሰኛችሁን ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

እኛ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ የቤታችንን ቆርቆሮ ለወጥን። ክረምቱ ሳይወጣ ዛገ። ሻጩ አብሮን የሚያመልክ ወንድም ስለሆነ፣ “ለጌታ ትተነዋል” ብለን ሁለት ወር ዝም አልን። ዝምታችን ግን ፍቅር አልነበረም፤ ቤት ውስጥ እናማው ነበርና።

ሕጉም ዝምታን አይደግፍም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ካስታወቀ በኋላም፣ ሻጩ ሊያታልለው አስቦ ካልሆነ በቀር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል። የእኛም ሁለት ወር መብታችንን ሊያሳጣን ይችል ነበር።

ስለዚህ ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ 35 ጌጅ ከ32 ይሳሳልና። የዋስትና ቃል ካለ በጽሑፍ ተቀበሉ። ጉድለት ስታዩ ፎቶ አንሡ፤ ለሻጩ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቅጂውን አስቀሩ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ብቻውን ሄዶ አነጋገረው። የራሳችንንም ጥፋት አልደበቀም፤ በሚስማሩ ቀዳዳ የሚያፈሰው አናጢያችን በትክክል ስላልመታው ነበር። ወንድማችን ደረሰኙን አየ፤ መጥቶም ጣራውን ተመለከተ። የዛገውን ለወጠልን፤ የአናጢውን ሥራ እኛ ከፈልን።

ተወዳጆች ሆይ፣ የሚገባችሁን በትሕትና መጠየቅ ወንድምን መበደል አይደለም። እኛ የበደልነው በእነዚያ ሁለት ወራት ነበር። ዛሬ በአንድ ማዕድ ስንቀመጥ የምንደብቀው ነገር የለም።