ሐሞት ወደ ጨጓራ ሲመለስ፦ ጉዳቱና መከላከያው

በሰርቦና በአካባቢዋ የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባም የሥራው ጥድፊያና ጾሙ ይገጣጠማሉ። ጾመኛው ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ ጠግቦ ይበላል፤ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ይጠጣና ወዲያው ይተኛል። ሌሊት የላይኛው ሆዱን ሲያቃጥለው፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መራራ ፈሳሽ ሲያስመልሰው፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብሎ ዝም ይላል። ጾም የበሽታው መነሻ ነው ማለታችን አይደለም። በባዶ ሆድ አንድ ጊዜ መራራ ውኃ ማስመለስም በራሱ በሽታ አይደለም። ሕመሙ ሲደጋገም ግን ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ መጠኑም በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይደርሳል። ፈሳሹ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀምና ምግብ ስንበላ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይለቀቃል፤ በዚያም ሳሙና ቅባትን እንደሚያለቅቅ ስቡን ይበታትናል። በጨጓራና በትንሹ አንጀት መካከል ያለው ቀለበት መሰል ጡንቻ ምግብን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ሐሞት ወደ ላይ እንዳይመለስም ይገታል። በጤነኛ ሰውም ቢሆን ጥቂት ሐሞት አልፎ አልፎ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ሲበዛና ሲዘወተር ነው።

ጨጓራ ከራሱ ብርቱ አሲድ የሚጠበቀው ግድግዳውን በሸፈነው ዝልግልግ ንፍጥ ነው። ስብን የሚበታትነው ሐሞት ይህንንም መከላከያ ያሳሳዋል፤ የሕዋሳቱንም ሽፋን ይጎዳል። ያን ጊዜ አሲዱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ግድግዳውን ያቆስላል። ስለዚህ ሐሞትና አሲድ ሲገናኙ ጉዳቱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚያደርሱት ይበረታል። ሁኔታው ለዓመታት ሲቆይ የጨጓራው ሽፋን የአንጀትን ሽፋን መልክ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ለካንሰር የመጋለጥን ዕድል የሚጨምር ለውጥ ነው።

ለዚህ ሕመም ይበልጥ የሚጋለጡት የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የሐሞት ከረጢታቸው የወጣላቸው፣ እንዲሁም በስኳር በሽታ ምክንያት ጨጓራቸው ምግብን ቀስ ብሎ የሚያሳልፍባቸው ሰዎች ናቸው። ሆኖም የሆድ ቃጠሎ ሁሉ ከሐሞት አይመጣም። በአገራችን በብዛት የሚታየው የጨጓራ ሕመም መነሻ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይህን ያገኙት ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያቆስላሉ። የወገብ ሕመሙን ለማስታገስ በየማታው እነዚህን የሚወስድ ለቃሚ ጨጓራውን ሳያውቀው ይጎዳል።

ስለዚህ በግምት መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አይበጅም። አሲድን የሚቀንሱት እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች ቃጠሎውን ሊያቀልሉ ይችላሉ፤ የሐሞቱን መመለስ ግን አያቆሙም። ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒትም ይድናል። የሐሞት መመለስ የተጠረጠረበት ሰው ግን ኢንዶስኮፒ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካል፤ ለሰርቦ ምእመናን ቅርቡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

የሐሞት መመለስን ሁልጊዜ ማስቀረት ባይቻልም ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። በአንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ከፋፍሎ መብላት፣ ከእራት በኋላ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆይቶ መተኛት፣ በተለይ በፋሲካና በገና ማግስት ቅባት የበዛበትን ምግብ መመጠን ይጠቅማል። ቡና ሕመሙን የሚያባብስበት ሰው በባዶ ሆዱ አይጠጣ፤ የቡና ቁርስ ማቅረብ የአባቶቻችን ልማድ ነውና እናጽናው። ሲጋራና አረቄም ጨጓራን ይጎዳሉ። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ደግሞ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ለጨጓራም መከላከያዎች ናቸው።

የካህናት ድርሻ ከሁሉ የላቀ ነው። ብዙ ምእመናን «ጾም ፈታ» እንዳይባሉ ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ፤ መድኃኒት የታዘዘላቸውም በጾም ወራት ያቋርጡታል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን እንደ አቅማቸው እንዲጾሙ ታዝናለች፤ የንስሐ አባት ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው ሕሙሙ ሐኪም ያዘዘውን ያለ ጸጸት ይፈጽማል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም እንደ መከረው እናስታውሳለን።

ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ለመዋጥ የተቸገረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ። የሰበካ ጉባኤ አባላት እነዚህን ምልክቶች ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ማስታወቂያ እንዲያስነግሩ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ላጠረው ሕሙምም ከምግባረ ሠናይ ሣጥን ድጋፍ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን።