የትንፋሽን እጥረት የሚገልጥ ብርሃን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምክር አፉን ለፈታ ሰው የሚጠቅም ነው፤ ሕፃን ግን በሽታውን የሚደብቀው ወዶ ሳይሆን መናገር ስለማይችል ነው። በአገራችን የብዙ ሕፃናትን ነፍስ ከሚቀጥፉት በሽታዎች አንዱ የሳንባ ምች ነው። ምች የያዘው ሳንባ አየር ተቀብሎ ለደም ማካፈል ሲሳነው፣ ሰውነት ሁሉ ኦክስጅን ይራባል። ይህ ረኃብ ግን እንደ ሆድ ረኃብ ጮኾ አይናገርም። ከንፈርና ምላስ ወደ ሰማያዊነት ሲለወጡ አይተን የምናውቀው ከሆነ እጅግ ዘግይተናል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይህ ምልክት ከዓይን ይሰወራል።

ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ ደም ሳይቀዳ መርፌም ሳይወጋ በጣት ላይ ተደርጎ የኦክስጅንን መጠን በብርሃን ስለሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ ስለ ተሠራበትም ጥበብ ለሳንጃና ለአካባቢው ሕዝብ በአጭሩ እንገልጻለን።

ብርሃን ደምን እንዴት ያነባል?

በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ነው። ሸክሙን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ሸክሙን ያራገፈ ደም ግን ጠቆር ይላል። መሣሪያው በአንድ ወገኑ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሉት፤ አንደኛው ቀይ፣ ሁለተኛው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ይሰጣል። በሌላው ወገን ያለው ተቀባይ በጣት ውስጥ ያለፈውን ብርሃን ይመዝናል። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ያጣ ደም ግን ቀዩን ይውጠዋል። የሁለቱ ብርሃን ልዩነት ተሰልቶ ከ100 እጅ ስንቱ እንደ ተሞላ በቍጥር ይወጣል።

ሥጋ፣ አጥንትና ጥፍርም ብርሃን ይውጣሉና የደሙን ድርሻ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ይህን ችግር የፈታው ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ለባለሙያዎች አቅርቧል። የደም ቧንቧ ልብ በመታ ቍጥር ስለሚነፋ፣ ከትርታው ጋር የሚለዋወጠው ብርሃን ብቻ የደም ወሬ መሆኑን ተገነዘበ። ስለዚህ መሣሪያው የልብ ትርታንም አብሮ ይቈጥራል።

እንደ እርሾ ያለ ጥበብ

እነዚህ መብራቶችና ተቀባዩ እሳትም ክርም የሌላቸው፣ እጅግ ስስ በሆኑ የማዕድን ንብርብሮች የተሠሩ ናቸው። ንብርብሩ ብቻውን ሥራውን አይሠራም፤ ጥቂት ባዕድ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። አንዲት ባልትና አዋቂ ወይዘሮ ለብዙ ሊጥ ጥቂት እርሾ ብቻ ጨምራ የሊጡን ጠባይ እንደምትለውጥ ሁሉ፣ መሐንዲሱም ከአሸዋ በሚገኘው በሲሊኮን ላይ በአንዱ ወገን ጥቂት ቦሮን፣ በሌላው ወገን ጥቂት ፎስፎር ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ ሲሊኮኑ የወደቀበትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ይኸው ጥበብ በሌላ መንገድም ያገለግላል። ሩቴኒየም ያለበት ቀለም በጥቂቱ የተጨመረበት ስስ ሽፋን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ መልሶ ቀይ ፍካት ይሰጣል። ኦክስጅን ሲደርስበት ግን ፍካቱ ይደክማል። የድካሙን መጠን በመለካት በውሃ ወይም በአየር ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለ ይታወቃል።

ብርሃንን የሚመራ ክር

እንዲህ ያለውን ሽፋን በቀጭን ክር ጫፍ ላይ ቀብቶ ብርሃኑን በክሩ ውስጥ መላክና መመለስ ይቻላል። ብርሃን በቀጥታ ይጓዛል እንጂ አይታጠፍም ብለን እናውቃለን። ነገር ግን በ1841 ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ሊቅ፣ ከዕቃ ቀዳዳ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ብርሃን ቢለቅ፣ ብርሃኑ ከውሃው ጋር ጐብጦ ሲወርድ አሳይቷል። ብርሃኑ የውሃውን ጠርዝ በሰያፍ በነካ ቍጥር ወደ ውስጥ ስለሚመለስ መውጫ ያጣል። ዛሬ ከብርጭቆ ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራው ብርሃን መሪ ክርም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

የፕላስቲኩ ክር ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ቢታጠፍ እንደ ብርጭቆ ቶሎ አይሰበርም። ቀይ ብርሃን ግን 20 ሜትር ያህል ሲጓዝበት ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለሩቅ መልእክት ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥና በሰው ገላ ላይ ለሚደረግ ልኬት ይመረጣል። በ2008 በስዊስ አገር ኤምፓ የተባለው የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የፕላስቲክ ብርሃን መሪ ክር ከጨርቅ ጋር አዋሕደው፣ ከጣት የደምን ኦክስጅን ማንበብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሸማ በመሥራት ለታወቀው ለጐንደር አገር ሰው ይህ ሩቅ አይመስልም፤ ድርና ማግ ብርሃን ሲሸከሙ ማለት ነውና።

ከስሜን ተራሮች የተገኘ ትምህርት

በብርሃን የሚደረገው ልኬት በአገራችን ተራሮች ላይ ለዓለም ዕውቀት ጨምሯል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ምሁርና ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አውጥተዋል። የሰዎቹ የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የሄሞግሎቢናቸውም መጠን በባሕር ወለል እንደሚኖር ሰው ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል።

ከዚህ የምናገኘው ምክር ግልጽ ነው። ሳንጃ ከጐንደር ከተማ ወደ ቆላው ወርዶ የሚገኝ አገር ነው። በሳንጃ የታመመ ሕፃን ቍጥሩ ሲያንስ «የአገሩ ከፍታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ከ90 በታች የሆነ ቍጥር ኦክስጅን ሊሰጠው የሚገባ በሽተኛ መኖሩን ያመለክታል። ከሳንጃ እስከ ጐንደር 65 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስላለ፣ በጊዜ የታወቀ ቍጥር በጊዜ ለመላክ ያስችላል፤ የሕፃኑም ሕይወት የሚድነው በዚህ ትርፍ ሰዓት ነው።

መሣሪያው የሚሳሳትበት ጊዜ

ምስክር ሁሉ ይመረመራል፤ ይህም መሣሪያ እንዲሁ ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሕፃኑ ሲወራጭ፣ ጥፍር ቀለም ሲቀባ ቍጥሩ ይዛባል። በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቍጥር እንደሚያሳይ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ስለዚህ ቍጥሩ ደኅና ቢመስልም ሕፃኑ እያቃሰተ ከሆነ የሚታመነው ሕመሙ ነው።

ከሁሉ የከፋው የከሰል ጢስ ነገር ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ በሄሞግሎቢን ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የደሙ መልክ ግን ለመሣሪያው ኦክስጅን የያዘ ይመስለዋል። ሰውየው ሊሞት ቀርቦ ሳለ መሣሪያው ጤነኛ ነው ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ቍጥር ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ግዴታ ነው።

ልናደርገው የሚገባን

1ኛ. ሕፃን ሲያስለው ወይም ሲያተኵሰው፣ ጸጥ ባለበት ጊዜ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቍጠር። ከ2 ወር በታች ለሆነው 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥነን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

2ኛ. ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ ሌሊትም ቢሆን አንዘግይ።

3ኛ. ከምርመራ በፊት የሕፃኑን ጣት አጥበን አድርቀን እናሙቅ፤ ቀለም ካለበት እናስለቅቅ።

4ኛ. የጤና ሠራተኛው መሣሪያውን ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ከማዛወሩ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረገው፤ ውሃ ውስጥ አይንከረው። እጁንም በሳሙና ይታጠብ። የአንዱን ሕመም የሚለካ ዕቃ ለሌላው ሕመም ማስተላለፊያ መሆን የለበትም።

5ኛ. ምድጃ ጢሱ በሚወጣበት ስፍራ ይሁን፤ ሕፃን ከጢስ ይራቅ፤ የነደደ ከሰል ይዞ ቤት ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ክትባትም በወቅቱ ይሰጥ።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ሲያሠለጥን፣ አዮያጊ ሥራውን ገና አልጀመረም ነበር፤ የኦክስጅን እጥረትንም በዓይን አይቶ በጆሮ አዳምጦ መገመት ግድ ነበር። ዛሬ ብርሃን ዓይንን ረድቶታል። ሆኖም ብርሃኑ የተደበቀውን ይገልጣል እንጂ አያድንም፤ ጣቱን ወደ ብርሃኑ የሚያቀርበው የእናትና የአባት እግር ነው። እንግዲህ ልጃችን ሲታመም ነገ ይሻለው ይሆናል ብለን አናሳድር።