ተነቃይ ኪቦርድ ያለው የታብሌት ማቀፊያ፤ ስንሠራበት ያየነው

ባለፈው የትምህርት ወቅት እኛ ሦስት እጩ መምህራን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ታብሌት ከነተነቃይ ኪቦርዱ መግዛታችንን በማደሪያም ሆነ በመመገቢያ አዳራሽ ያየን ሁሉ ያውቃል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጠያቂው በዝቶብናል። «ይረባል ወይስ አይረባም?» «አማርኛ ይጽፋል እንዴ?» «በላፕቶፕ ፈንታ ይሆናል?» እየተባልን በየመንገዱ ከምንቆም፣ አንድ ጊዜ ጽፈን እዚህ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ይሻላል ብለን ይኸው አቅርበናል። የጠቀመንንም ያሳፈረንንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

ሀ/ ዕቃው ምንድን ነው?

ታብሌት እንደ ደብተር ጠፍጣፋ የሆነ፣ በጣት እየተነካ የሚሠራ ኮምፒዩተር መሆኑ ይታወቃል። አፕል የተባለው ኩባንያ አይፓድን እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ሲያወጣ ኪቦርዱ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ሥዕል ነበር። ሥዕል እየነኩ መጻፍ ለአጭር መልእክት ይበቃል። ለሁለት ገጽ የትምህርት ዕቅድ ግን ጣት ያደክማል፤ የስክሪኑንም ግማሽ ያህል ስለሚይዝ የጻፉትን መልሶ ለማየት ያስቸግራል።

ማቀፊያና ኪቦርድ አንድ ላይ የተሠሩት ይህንን ለማቃለል ነው። ሲዘጋ ስክሪኑን ከጭረት ይጠብቃል፤ ሲከፈት ታብሌቱን አቁሞ እንደ ላፕቶፕ ያደርገዋል፤ ሳያስፈልግ ሲቀር ደግሞ ኪቦርዱ ተነቅሎ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት ሰርፌስ የተባለውን ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ክዳኑን ራሱን ኪቦርድ አድርጎ አቀረበ። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2015 ለአይፓድ ፕሮ ይህንኑ የመሰለ ሠራ። ዛሬ በልዩ ልዩ ስም ገበያውን ሞልቶታል።

በዓይነቱ ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው በማግኔት የሚጣበቀው ነው። በጠርዙ ላይ ያሉት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ከታብሌቱ ነጥቦች ጋር ሲገጥሙ ኤሌክትሪኩም መልእክቱም በነሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ለብቻው ቻርጅ አይደረግም፤ ነገር ግን የሚሠራው ለተሠራለት ሞዴል ብቻ ነው። ሁለተኛው በብሉቱዝ፣ ማለት በራዲዮ ሞገድ የሚገናኘው ነው። ለብዙ ዓይነት ታብሌትና ስልክ ይሆናል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ታዲያ የራሱ ባትሪ ስላለው እሱም ቻርጅ ይጠይቃል። እኛ የገዛነው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ደግሞ ከክፍል ጓደኛችን ለሁለት ሳምንት ተውሰን ሞክረነዋል።

ለ/ ጣታችን ምን አለ?

በመጀመሪያው ቀን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ስክሪኑ ሙሉ ለሙሉ ለጽሑፉ ተለቀቀ፤ ዐሥሩም ጣት ሥራ አገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጉድለቱ መታየት ጀመረ። በትልቅ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከሚቀጥለው ቁልፍ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የኛን በማስመሪያ ስንለካው 17 ብቻ ሆነ። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት እንዳትሉ። ዐሥር ቁልፍ በተደረደረበት መስመር ላይ ሁለት ሁለቷ ስትጠራቀም ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች፤ እጁ ትልቅ የሆነው ጓደኛችን አንዱን ሲል ሌላውን እየነካ ሲናደድ ነበር የከረመው።

በሰፈራችን ብዙ ዘመን በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩ ጡረተኛ ጸሐፊ አሉ። አንድ ቀን ወስደን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ መታ መታ አደረጉና፣

«ይሄ ድምፅም የለው፤ መታሁት አልመታሁት በምን አውቃለሁ?» አሉን።

«እትዬ፣ ስክሪኑን እያዩ ነው የሚታወቀው» ብንላቸው፣

«እንዲያ ከሆነማ ዓይን ሊሠራ ነዋ! በኛ ጊዜ ዓይን ወረቀቱ ላይ፣ ጣት መኪናው ላይ ነበር» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ማቀፊያው ቀጭን እንዲሆን ሲባል ቁልፉ ወደ ታች የሚወርደው በጣም ጥቂት ነው። መውረዱ በጣት ካልታወቀ ጸሐፊው ወይ ይደግማል ወይ ይዘላል። ስለዚህ ቀጭኑ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

ሐ/ ፊደላችን የት ገባ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድሮይድ በሆነው ታብሌታችን ላይ በጣት ስንጽፍ አማርኛው ያለ ችግር ይወጣ ነበር። ኪቦርዱን ባገናኘን ጊዜ ግን የስክሪኑ ኪቦርድ ጠፋ፤ አማርኛውም አብሮ ጠፋ! የምንመታው ሁሉ የላቲን ፊደል ሆነ። ወደ ሱቁ ተመልሰን ብንጠይቅ ሻጩ «ይሄ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው፤ የአማርኛ ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ» አለን። እኛም አመንን። አንዱ ጓደኛችን እንዲያውም የአማርኛ ፊደል የታተመበት ተለጣፊ ገዝቶ በየቁልፉ ላይ አንድ በአንድ ለጠፈ። ቁልፉ «ለ» ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ኤል ይወጣል። ማደሪያው ሁሉ ሳቀብን።

ታዲያ ምን አደረግን? አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመርን። ያን ጊዜ ለልምምድ የተመደብነው የሁለተኛ ክፍል አማርኛ እንድናስተምር ነበር። ለሦስት ሳምንት ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዳችንን እንደዚያ አድርገን ጻፍን፤ አሳትመንም ለክፍሉ መምህርት አስረከብን። እሳቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ዝም አሉ። ቀጥለው አንዱን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው አሳዩን።

«ልጆቼ፣ ይሄ ‹መምህሩ መጣ› ነው ወይስ ‹መምህሩ መታ›?»

ለካስ በላቲኑ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነበር የጻፍናቸው። «መጣ ለማለት ነው መምህርት፤ ኪቦርዱ እምቢ ብሎን ነው» አልን።

«ኪቦርዱ ነው እምቢ ያለው ወይስ እናንተ ናችሁ ያልጠየቃችሁ? የመጣችሁት ለነዚህ ሕፃናት ፊደል ልታስተምሩ ነው። እናንተው ፊደሉን ትታችሁ ከመጣችሁ እነሱ ከማን ይማሩት?»

ከ10 ነጥብ 6 ሰጡን። ነጥቡ አይደለም ያሳፈረን፤ ጥያቄው ነው።

በማግሥቱ የተቋማችንን የኮምፒዩተር መምህር ፈልገን ጠየቅን። የነገሩን ነገር በጣም ቀላል ነበር፤ አንባቢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ከቁልፎቹ ሥር በአግድምና በቁም የተዘረጉ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። አንድ ቁልፍ ሲመታ፣ በዚያ ቦታ አንዱ የአግድም መስመር ከአንዱ የቁም መስመር ጋር ይገናኛል። በኪቦርዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ የትኛው ቦታ እንደተነካ ታውቅና የቦታውን ቁጥር ወደ ታብሌቱ ትልካለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ኪቦርዱ «ኤል» አይልም፣ «ለ»ም አይልም፤ የሚልከው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ወደ ፊደል የሚለውጠው በታብሌቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ «የእንግሊዝኛ ኪቦርድ» ያሉን ሻጭም፣ ተለጣፊውን የለጠፈው ጓደኛችንም ተሳስተዋል። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ለዓይን ምልክት ብቻ ነው።

መፍትሔውም እንደዚሁ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኪይማን የተባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርደን፣ የአማርኛውን ኪቦርድ ከውስጡ መርጠን ጫንን። በዊንዶውስ ለሚሠራ ታብሌት ደግሞ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን መጨመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የኤልን ቁልፍ ስንመታ «ል» ይወጣል። ኢን ብናስከትል «ለ»፣ ዩን ብናስከትል «ሉ»፣ አይን ብናስከትል «ሊ»፣ ኤን ብናስከትል «ላ»፣ ኦን ብናስከትል «ሎ» ይሆናል። ቲን ብቻ ስንመታ «ት»፣ ሺፍትን ይዘን ስንመታ ደግሞ «ጥ» ይሆናል። ያ ያሳፈረን «መጣ» እንግዲህ ከ«መታ» ተለየ ማለት ነው!

የፊደላችን ብዛት ለመሣሪያ ሲያስቸግር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ግን 50 አይሞሉም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። በጽሕፈት መኪናው የፊደሉ አካልና ቅጥያው ለየብቻ እየተመቱ ይገጣጠሙ ነበር። በኮምፒዩተር ዘመንም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበረ፣ ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ስላካተተ ዛሬ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው። በታብሌታችን የጻፍነው በርእሰ መምህሩ ኮምፒዩተር ላይ ሳይበላሽ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ ድካም ተደክሞ ሳለ እኛ በስንፍና በላቲን መጻፋችን ኋላ ሲታሰበን አሳዝኖናል።

መ/ በልምምድ ትምህርት ቤት

ተነቃይ መሆኑ የጠቀመን ክፍል ውስጥ ነው። ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ትተን ታብሌቱን ብቻ ለአንድ የተማሪ ቡድን እንሰጣለን፤ አምስት ስድስት ሆነው ሥዕሉን ከበው ያያሉ። የሚነካካ ቁልፍ ስለሌለ የጻፍነው አይጠፋም፤ ለትንሽ እጅም ቀለል ይላል። ይህ ከላፕቶፕ የማይገኝ ጥቅም ነው።

ጉዳቱም እዚያው ታየ። የጠመኔ ብናኝ በየቁልፉ ሥር ይገባል፤ በለስላሳ ብሩሽ ካልተጠረገ ቁልፉ ይይዛል። የተዋስነው ባለማግኔቱ ደግሞ አንድ ጠዋት ጭራሽ አልሠራም ብሎ አስደነገጠን። ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ስንጠርጋቸው ወዲያው ነቃ። በጉልበት ላይ አስቀምጦ መጻፍም አይሞከር፤ ታብሌቱ ከኪቦርዱ ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ክንድ ማሳረፊያ ባለው የክፍል ወንበር ላይም ከኋላ ያለው መቆሚያ ቦታ አይበቃውም። ጠረጴዛ ይፈልጋል።

ብሉቱዙም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ማታ ስንጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም። ለካስ ኪቦርዱ ቀደም ሲል ተገናኝቶበት ከነበረው ከጎረቤታችን ስልክ ጋር ተያይዞ ኖሮ፣ «የትምህርቱ ዓላማ» እያልን የምንጽፈው በሱ ስልክ ላይ ይታይ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ዕቅድ የምናስረክብበት ዋዜማ መብራት ጠፋ። ታብሌቱ ባትሪ ነበረው፤ ኪቦርዱ ግን አልቆበታል። እንደ ወትሮው በሻማ ብርሃን፣ በእስክሪብቶና በወረቀት ጻፍን። በእጅ የተጻፈው ዕቅድ ከ10 ነጥብ 9 አገኘ። መሣሪያው ዕቅድ አያወጣም፤ የሚያወጣው መምህሩ ነው ማለት ነው።

ሠ/ ለሚገዛ ሰው

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ገጽ አማርኛ ጻፉበት። «ኋላ ይሠራል» ቢሏችሁ አትቀበሉ።
2. ሺፍት የተባለውን ቁልፍ በግራም በቀኝም እዩ። «ጥ» እና «ጭ»ን የመሰሉ ፊደሎች በሱ ስለሚወጡ፣ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ለኛ ግን ይጎዳናል።
3. ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። 17 ሚሊ ሜትር ለትንሽ እጅ ይበቃል፤ ለትልቅ እጅ አይበቃም።
4. ብሉቱዝ ከሆነ የቻርጁ ገመድ ከታብሌቱ ገመድ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በማግኔት የሚጣበቅ ከሆነ ለራሳችሁ ሞዴል መሠራቱን እዩ።
5. ማቀፊያውን ከነኪቦርዱ በእጃችሁ መዝኑት። የአንዳንዱ ክብደት ከታብሌቱ ከራሱ አያንስም፤ በየቀኑ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ «ይረባል ወይስ አይረባም?» ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው፤ ብዙ ለሚጽፍ፣ ጠረጴዛ ላለው፣ ፊደሉን ቀድሞ ላዘጋጀ ሰው ይረባል። ለሌላው ጌጥ ነው። ሦስት ሳምንት የከሰርነው ኪቦርዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ስለተውን ነው። ሕፃናትን «ያልገባችሁን ጠይቁ» የምንል ሰዎች ራሳችን ሳንጠይቅ መቅረታችን ለትምህርት ይሁነን።

የአማርኛውን አጫጫን ማየት የምትፈልጉ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ስለምንገኝ ታብሌታችሁን ይዛችሁ ኑ። እኛ ያላየነውን ያያችሁም ጽፋችሁ በዚሁ ግድግዳ ሥር ባለው ሣጥን ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።