ለዒድ ለማን ምን ይገዛል? የሀርሺን ቤት የስጦታ ሒሳብ

የረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች ሲገቡ ጅግጅጋ እንቅልፍ የላትም። ከተራዊሕ በኋላ ሱቁ ሁሉ እንደገና ይከፈታል፣ የልጆች ልብስ በር በሩ ላይ ይሰቀላል፣ ሰው እየተጋፋ ይገዛል። ጠዋት ደግሞ በቀብሪበያህና በሀርታሼክ በኩል ወደ ሀርሺን የሚወጡት መኪኖች ጣሪያቸው በፌስታልና በማዳበሪያ ይሞላል። "ይቺ ለእናቴ፣ ይቺኛዋ ለልጆቹ" እየተባለ ለሹፌሩ የሚሰጠው ዕቃ ለጉድ ነው።

እኛም ከላኪዎቹ ነን። አምና ከመካከላችን አንዱ ሀርሺን ላለ የወንድሙ ልጅ ጫማ በግምት ገዝቶ ላከ። ጫማው በሰዓቱ ደረሰ፤ እግሩ ግን አልገባበትም። ልጁ የዒድ ጠዋት አዲስ ሱሪ ከአሮጌ ሸበጥ ጋር አድርጎ ሶላት ሄደ። መመለስ የማይታሰብ ነው፣ የመኪናው ኪራይ ራሱ ከጫማው ዋጋ አይተናነስም። ከዚያ ወዲህ ነው እንደው ስለ ዒድ ስጦታ ቁጭ ብለን ማውራት የጀመርነው። ስናወራው ደግሞ ጉዳዩ ከጫማ ቁጥር በላይ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደመወዝተኛ በወር መጨረሻ ብር ያገኛል። ሀርሺን አካባቢ ያለው አብዛኛው ቤተሰብ ግን ሀብቱ ያለው በግና ፍየል፣ ከዚያም ግመል ላይ ነው፤ ብር እጁ የሚገባው እንስሳ ሲሸጥ ነው። እንስሳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አያወጣም። ስለዚህ "ለዒድ ምን ልግዛ?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ዒዱ የዋለው በየትኛው ወቅት ነው?" የሚለው ይቀድማል።

የሂጅራው ዓመት ከእኛ አቆጣጠር በአስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዒድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2016 ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ነበር፣ በ2017 መጋቢት 21 ሆነ። እንዲህ እየሸሸ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የካቲት ውስጥ ይገባል። ሀርሺን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጂላል ነው፣ ደረቁ ወቅት። ሀርሺን ወንዝ የላትም። ሰውም እንስሳም የሚጠጣው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውሃ ከሚያጠራቅመው ቢርካ ነው፤ ቢርካው ሲደርቅ ውሃ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ በብር ይገዛል። በጂላል መጨረሻ ፍየሉ ይከሳል፣ ወተት ይጠፋል፣ የውሃ ወጪ ይጨምራል። አሁን አሁን ዒድ አልፈጥር የሚመጣው ልክ እዚህ ላይ ነው።

አረፋ ግን ሌላ ነው። ከዒድ አልፈጥር ሁለት ወር ከሳምንት ያህል ቆይቶ ይመጣል። በእነዚህ ዓመታት ግንቦት ላይ እየዋለ ስለሆነ፣ ዝናቡ ካልቀረ፣ እንስሳው ሣር በልቶ ጠግቧል። በዚያ ላይ የሐጅ ወቅት ነው። ሳዑዲ አረቢያ ለመሥዋዕት ብዙ በግና ፍየል ትፈልጋለች፤ ነጋዴዎች ከሀርሺን፣ ከሀርታሼክና ከጅግጅጋ ዙሪያ እየገዙ በበርበራ ወደብ ያሻግራሉ። የዓመቱ ጥሩ ዋጋ ያኔ ነው።

እንግዲህ ልጆች አዲስ ልብስ የሚጠብቁት ብር በሌለበት ዒድ ነው፣ ብር የሚመጣው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው። መሀሉን የሚሞላው ዱቤ ነው። የሱቁ ባለቤት መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ሱሪው፣ ቀሚሱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ ይወሰዳል፣ አረፋ ላይ ፍየል ተሽጦ ይከፈላል። ይህ የመተማመን አሠራር ባይኖር ኖሮ ብዙ ቤት ዒድ ባልዋለበት ነበር፤ እኛ ልናጥላላው አንፈልግም። ችግሩ ዱቤው ገና ያልመጣን ገበያ አምኖ የሚወሰድ መሆኑ ነው። ገበያው የቀረበት ጊዜ አለ። በ1998 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳዑዲ አረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ ማስገባት ከለከለች። ለአጭር ጊዜ ከፈታች በኋላ በ2000 እንደገና ዘጋች፣ እገዳው እስከ 2009 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ለአረፋ ብለው ፍየል ያቆዩ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው የአካባቢው ትልልቅ ሰዎች ያስታውሳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን የስጦታን ዋጋ በብር ሳይሆን በፍየል ማሰብ ነው። "ይህ ሁሉ ልብስ ስንት ፍየል ነው?" ብሎ መጠየቅ። ወንድ ፍየል ለገበያ ነው፣ ይሸጥ። እንስት ፍየል ለልብስ መሸጥ ግን የሚመጣውን ዓመት ግልገልና ወተት አብሮ መሸጥ ነው። እዚህ ላይ እኛ መሀል አንቀመጥም፦ በእንስት ፍየል የተገዛ የዒድ ልብስ ተወደደ ነው የምንለው።

የልብሱም ዋጋ ራሱ እንደ በፊቱ አይደለም። የምንለብሰው አብዛኛው ከውጭ በበርበራና በዋጃሌ በኩል የሚገባ፣ በዶላር የተገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፍየሉም ተወዷል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን በጂላል የከሳ ፍየል አይወደድም።

ሃይማኖቱም ቢሆን አያስጨንቅም። በዒድ ቀን ሱናው ካለህ ልብስ ምርጡን መልበስ ነው፤ የግድ አዲስ ይሁን አልተባለም። ግዴታ የሆነው ዘካተል ፊጥር ነው፦ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ከሚበላው እህል አንድ ቁና፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃ ይደርሳል። መጀመሪያ እሱን ለይተው ያስቀምጡ፣ የተረፈው ለስጦታ።

ወደ ልጆቹ እንምጣ። ጫማ በዕድሜ አይገዛም። ልጁ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በክር ይለካ፣ ክሩ ተቆርጦ ስሙ ተጽፎበት በሹፌር ይላክ። ከክሩ አንድ ጣት ያህል የሚተርፍ ጫማ ይገዛል፤ ልጅ ያድጋላ። ልብስም እንዲሁ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ የሱሪው እግር ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ደግሞ ለሀርሺን ልጅ ነጭ ሸሚዝ አትላኩ! ጅግጅጋ ሆነን ሲያምረን እንገዛለን፣ እዚያ ግን አቧራው ቀይ ነው፣ ውሃው በጀሪካን የሚገዛ ነው። ነጩን ሸሚዝ ለማጽዳት የሚፈሰው ውሃ አንድ ግልገል ያጠጣ ነበር። ጠቆር ያለ፣ ካውያ የማይፈልግ ጨርቅ ይሻላል። ሰልባጅም ቢሆን አያሳፍርም፣ ስፌቱ ጠንካራ ከሆነ ከብዙ አዲስ ልብስ ይሻላል። በባትሪ የሚጮኸውን መጫወቻ እንለፈው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ዝም ይላል።

ለአባት ጥሩ ሽርጥና ኮፍያ ሁልጊዜ ያስደስታል፤ በዕድሜ ለገፉት ሻይ የሚያቆይ ፔርሙስ እንጨምራለን። ከእንስሳ ጋር ለሚውለው ወንድም በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ መብራትና እሾህ የማይበሳው ጫማ። ስለ ወንዶቹ ይህ ይበቃል፣ ምን እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይናገራሉ።

የማትናገረው እናት ናት። ስልክ ደውሎ "ሆዮ፣ ምን ልላክልሽ?" ያለ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፦ "ለልጆቹ ላክላቸው፣ እኔ ምን ይሠራልኛል።" ይህን ቃል በቃል አምነን ስንቱን ዒድ አሳልፈናል! የልጆቹ ልብስ ተገዝቶ፣ የአባትየው ሽርጥ ተገዝቶ፣ ለእንግዳ ሐልዋና ብስኩቱ ተገዝቶ ብር የሚያልቀው እሷ ጋ ሲደረስ ነው። ብዙ እናት የዒድ ጠዋት የምትለብሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ለሠርግ የተሰጣትን ዲራዕ ነው።

ስለዚህ እሷን አትጠይቋት፣ እህቷን ወይም ጎረቤቷን ጠይቁ። ዲራዕ ከገዛችሁ ሙሉውን ግዙ። ዲራዕ ስስ ጨርቅ ስለሆነ ከውስጥ የሚለበሰው ጎርጎራድና ከላይ የሚጣለው ጋርባሳር አብሮ ካልመጣ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሌሎቹን ሁለቱን ለማሟላት ደግሞ ራሷ ዱቤ ትገባለች፤ ስጦታችን ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ለሙሉው አቅም ከሌለ ጥሩ ባቲ ይሻላል፣ በየቀኑ ትለብሰዋለች። ኡንሲም አይረሳ። በማሰሮ ታሽጎ የሚሸጠው ጥሩ ኡንሲ ለወራት ይቆያል፣ ማጨሻው ላይ ጣል ሲደረግ ቤቱም ልብሱም ይሸታል፣ ውሃ አይፈልግም፣ ልክ አይጠየቅበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን ፌስታል ውስጥ የማይገባ ነው እንላለን፤ የሱቅ መዝገቧን መዝጋት። ሱቁ ጋ ደውሎ በስሟ የተጻፈውን መጠየቅና በቴሌብር ወይም በኢብር መክፈል። እንዲህ ከተደረገ አረፋ ሲመጣ የምትሸጠው ፍየል የራሷ ነው፤ ከፈለገች ላትሸጠውም ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ፦ የሰው ዕዳ ምስጢር ነው። ሱቁ ውስጥ ሰው ባለበት ጮክ ብሎ የሚነገር አይደለም፣ እሷም ከሹፌር አፍ መስማት የለባትም።

ሌላው የማይታሸግ ስጦታ ውሃ ነው። ቢርካቸው ለደረቀ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት በርሜል ውሃ ለዒድ ዋዜማ ከፍሎ ማስሞላት ማለት ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ሻይ ያለ ሐሳብ ይፈላል፣ እንግዳ ሲመጣ ማንም አይሳቀቅም ማለት ነው። ከበሩ ደጃፍ ቢርካ ያለው ጎረቤት ካለ ለእሱ መክፈል ከቦቴው ይረክሳል።

በነገራችን ላይ፣ ሙስሊም ያልሆኑ ተከታታዮቻችን ለዒድ ሲጠሩ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ይቸገራሉ። ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ቴምር ወይም ፍራፍሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንንም አያስከፋም። የታረደ ሥጋ ግን ይዛችሁ አትሂዱ።

አረፋ ሲደርስ ትልቁ ስጦታ ራሱ ሥጋው ነው። የኡድሒያ ሥጋ በተለምዶ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ለቤት፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድሃ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ብር ልከው በስማቸው የሚያሳርዱትም ለዚህ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ በግ አንድ ዓመት፣ ፍየልና ከብት ሁለት ዓመት፣ ግመል አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ያነከሰ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ በሽታው የሚታይ አይሆንም። ከብትና ግመል ለሰባት ሰው ይሆናል፣ ስለዚህ ሰባት ወንድምና እህት ተዋጥተው አንድ ግመል ቢያሳርዱ ብዙ ጎረቤት ይዳረሳል። ብሩን ግን በዋዜማው አትላኩ። በዋዜማው የደረሰ ብር በዓመቱ ውድ ቀን ይገዛል፤ ከወር በፊት ቢደርስ እዚያው ቤት ከመንጋው ይመረጣል። ቀኑ ቢያልፍም አይደንግጥ ማንም፣ ማረድ የሚቻለው በዒዱ ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ጭምር ነው።

ለራስስ? ብር ላኪውም፣ ሱቅ ጠባቂዋም፣ እናትም ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ይስቃሉ። ከሳቅ ይልቅ የሚሠራው ሐግባድ ነው፣ ማለትም የሴቶቹ እቁብ። ዕጣ ከመጣል ይልቅ ተነጋግረው ለአንዷ የዒድ አልፈጥሩን፣ ለሌላዋ የአረፋውን ተራ የሚሰጡ ቡድኖች አሉ። ከዚያች ተራ ላይ የተወሰነች ብር "ለራሴ" ተብላ ከመጀመሪያው ትለይ፤ ሌላው ሁሉ ከተገዛ በኋላ ይተርፋል ብሎ መጠበቅ እንደማይሠራ አይተነዋል። ደመወዝተኛ የሆንነውም ያው ነን። አምና ጫማውን በግምት የገዛው ባልደረባችን ለራሱ ምንም ሳይገዛ ዒድ ዋለ፣ ጫማው ደግሞ እስከ ዛሬ ታናሹ እስኪያድግለት ሳጥን ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ክሩን አስልከናል። ዕቃችሁን ወደ ሀርሺን የምትልኩ ደግሞ ከሃያ ሰባተኛው ሌሊት በፊት ለሹፌሮቹ አድርሱ፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ ቦታ አይገኝም።