እሳት የማያነጻው ውሃ

በድሬዳዋ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ በወለደች በሦስተኛው ወር ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ፣ ከጓሮዋ ጉድጓድ የቀዳችውን ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍልታ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት ስታዘጋጅ አየኋትና «ቧንቧው የት ሄደ?» ብላት፣ «እሱማ ሲፈልግ ነው የሚመጣ፤ ደግሞ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የማፈላው» ብላ ክዳኑን ከፍታ ከውስጥ ነጥቶ የተጋገረውን ቅርፊት አሳየችኝ፤ ክፉው ሁሉ እዚያ ተጣብቆ የቀረ መስሏታል።

ቅርፊቱ ኖራ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እኔን ያስፈራኝ ግን ቅርፊት የማይሠራው፣ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የሌለው ናይትሬት ነበር፤ ይኸውም ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከከብት በረትና ከማዳበሪያ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግ፣ በዚያች ከተማ ጉድጓዶችም በዝቶ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ሲሆን፣ እሳት ተሐዋስያንን ሲፈጅ እርሱን ከቶ አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ እርሱ ባለበት ስለሚቀር፣ በሊትር 40 ሚሊግራም የነበረው፣ ማንቆርቆሪያው እስኪጋመስ ቢፈላ 80 ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ያቆመው ወሰን 50 ነው።

ይህን ስውር ነገር የገለጠው ሀንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1945 በአዮዋ ገላቸው ሰማያዊ እየሆነ ስለ መጡለት ጨቅላዎች ሲመረምር፣ ምክንያቱን በየእርሻው ከተቆፈሩት የውሃ ጉድጓዶች አገኘው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የጨጓራው አሲድ ገና አልበረታምና፣ በሆዱ ያሉት ተሐዋስያን ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይቱም ወደ ደሙ ዘልቆ ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ሲያደርገው፣ ደሙ የቸኮላት መልክ ይይዛል፣ ሕፃኑም አየር እየሳበ ይታፈናል። (መድኃኒቱ ደግሞ፣ ነገሩ ይገርማል፣ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ነው።) በእኛ ልጆች ገላ ላይ ምልክቱ ቶሎ ስለማይለይ፣ ከንፈርን፣ ድድንና ጥፍርን ማየት ይገባል።

ከጉድጓዷ እስከ ጎረቤት ሽንት ቤት በእግሬ ብለካው 12 እርምጃ ሆነ። «ጡትሽስ?» አልኳት። «አለኝ፤ ግን የሚበቃው አልመሰለኝም።» እናት የምትጠጣው ናይትሬት ወደ ጡቷ እምብዛም እንደማያልፍ ነገርኳትና፣ ጡጦውን አስቀምጣ ልጁን አቀፈችው፤ እኔም በማግስቱ የጉድጓዱን ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ለጡጦው የታሸገ ውሃ እንገዛለን።