ሩዝ እየጠበቀ በረሃብ የሞተው ሰው

ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሩዝ ተመራማሪ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1942 ሌኒንግራድ ውስጥ በረሃብ ሲሞት፣ በእሱ እጅ የነበረው የሩዝ ዘር በሺህ በሚቆጠር ጥቅል ተደርድሮ ነበር። የጀርመን ጦር ከተማዋን ከከበበ ወራት አልፈዋል፤ ለብዙው ነዋሪ የሚታደለው ዳቦ በቀን እስከ 125 ግራም ወርዶ ነበር። የኦቾሎኒው ባለሙያ አሌክሳንደር ሽቹኪንም ከሥራ ጠረጴዛው ሳይነሣ ሞተ። ሁለቱም የዕፅዋት ሊቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከዓለም ዙሪያ ያሰባሰበውን የዘር ክምችት ይጠብቁ ነበር። ቫቪሎቭ ለዚሁ ሥራ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ስንዴና ገብስ ወስዷል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1943፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎ ስለ ሰው ልጅ ተነሣሽነት ያዘጋጀውን ጽሑፍ አሳተመ። ፍላጎት ተራ አለው አለ፤ መጀመሪያ ሥጋዊው፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን፣ ክብር፣ በመጨረሻም የራስን ተሰጥኦ እውን ማድረግ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ሌላውን ሁሉ ይረሳል። (አማርኛ ግን የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ፍላጎት ባንድ ቃል አጣምሯል፤ «ሆድ ባሰው» የሚባለው እህል ያጣው ሳይሆን ሰው ያጣው ነው።)

ስለ ረሃብ ማስሎ አልተሳሳተም። ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ምግብ ተቀነሰባቸው። ከክብደታቸው ሩቡ ያህል ሲጠፋ አሳባቸውም አብሮ ጠበበ፤ የፍቅር ነገር አስጠላቸው፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ጀመር።

ታዲያ ኢቫኖቭስ?

የፍላጎቶቹን ተራ የሚያሳየው፣ በየሥልጠናው አዳራሽ የሚታየው ባለ አምስት እርከን ፒራሚድ መልስ የለውም። ሥዕሉንም የሣለው ማስሎ አይደለም፤ በኋላ የመጡ የሥራ አመራር ጸሐፊዎች ናቸው። በማስሎ ጽሑፍ ውስጥ አንዱ እርከን ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ አይወጣም የሚል ሕግ የለም። እንዲያውም አንድ ተራ ሰው ሥጋዊ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደኅንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ የመጨረሻው ደግሞ 10 በመቶ ያህል ይሞላለት ይሆናል ሲል ለምሳሌ ያህል ቁጥር አስቀምጧል። ለአንድ ዓላማ ሲሉ ሁሉን የሚተዉ ሰዎች እንዳሉም እዚያው ጽፏል። ፒራሚዱ ይህን ሁሉ ዋጠው፤ ለማስተማር ስለሚቀል ብቻ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ተራውን ጭራሽ ተዉት። በእነሱ አባባል ሰው በራስ ፈቃድ መሥራትን፣ በሥራ ብቁ መሆንንና ከሌሎች ጋር መተሳሰርን ባንድነት ይሻል። የዘር ጠባቂዎቹን ጉዳይ ይህ ከፒራሚዱ በተሻለ ያስረዳዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የተካኑበት ሥራ ነበር፣ አብረዋቸው የሚራቡ ባልደረቦችም ነበሯቸው።

ቫቪሎቭ ራሱ ማስሎ ጽሑፉን ባወጣበት ዓመት፣ በጥር 1943፣ በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። የዘር ክምችቱን የያዘው ተቋም በቀድሞዋ ሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ አሁንም በስሙ ይጠራል።